ባነሰ ድምፅ ያሸነፈው ሰው፦ የጆርጂያው የመለያ ምርጫ ከጅማ ሲታይ

ጆን ኦሶፍ የሚባል ወጣት ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ለሴኔት ተወዳድሮ 2,374,519 ድምፅ አገኘና ተበለጠ። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ግዛት፣ ከዚያው ሰው ጋር፣ ለዚያው ወንበር እንደገና ተወዳደረ። 2,269,923 ድምፅ አገኘ። አሸነፈ።

ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩዋቸው። ሲያሸንፍ ያገኘው ድምፅ ሲሸነፍ ካገኘው ወደ 105 ሺህ ያንሳል።

ይህን ቁጥር ያወጣሁት በክርክር መሃል ነው። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ማታ ማታ ቡና እየጠጣን የምንጨቃጨቅ ሰዎች አለን። አንዱ አስተማሪ ነው። የሱ አቋም የታወቀ ነው፤ ሰው የሚመርጠው ኪሱን ነው ይላል። ጥሩ ፖሊሲ ይዘህ ከመጣህ፣ ዘይትና ስኳሩን ካረከስክለት፣ ሕዝቡ ራሱ ፈልጎ ይመጣልሃል፣ ቅስቀሳ ምናምን ጌጥ ነው። ሌላው የቡና ነጋዴ የሆኑ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው አባት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ለብዙ ዓመት የእድር ገንዘብ ያዥ ስለነበሩ ነገሩን ሁሉ የሚያዩት በእድር ጉባኤ ነው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «የወር መዋጮ ይቀነስ ብሎ ያልተስማማ አባል አይቼ አላውቅም። ግን በጉባኤው ቀን የሚመጣው መዋጮው ይጨመር የሚለው ወገን ነው። ታዲያ ማን ያሸንፋል?»

«ሐጂ፣ እሱ እኮ እድር ነው፤ ሀገር ሌላ ነው» አልኳቸው።

«ሀገር እድር አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሁለቱም ሐሳባቸውን የሚያስረዱት በአባባል ነው፣ በቁጥር የሚያወራ የለም። ስለዚህ ሁለቱም ነገር፣ ማለትም ተወዳጅ ፖሊሲውም ሰው የማውጣቱ ሥራም፣ በአንድ ጊዜ የታየበት አንድ ምርጫ ፈልጌ ልያቸው አልኩ። የእኛን ሀገር ምርጫ ብመርጥ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ፀብ እንገባለን። ጆርጂያ ሩቅ ናት፣ ማናችንንም አታስቀይምም፣ መረጃዋም በየቀበሌው ሳይቀር ተቆጥሮ ለሕዝብ ወጥቷል። ደግሞ ያን ሰሞን እኛ ሀገር ጦርነት ተቀስቅሶ ስለነበር የጆርጂያን ወሬ በደንብ የተከታተለው ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንያዝ፣ ካለዚያ ነገሩ አይገባም። እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ያሸንፋል። 30 በመቶም ቢሆን፣ ሌሎቹ ከሱ በታች ከሆኑ በቂው ነው። ጆርጂያ ግን ከግማሽ በላይ ካላገኘህ አላሸነፍክም ትላለች። ማንም ከ50 በመቶ ካላለፈ ሁለቱ መሪዎች ብቻ በመለያ ምርጫ ይገናኛሉ። በኖቬምበር 3 የሪፐብሊካኑ ሴናተር ዴቪድ ፐርዱ 49.7 በመቶ አገኘ። ዴሞክራቱ ኦሶፍ 48 በመቶ ገደማ። ቀሪዋን 2.3 በመቶ ሦስተኛ ፓርቲ ወሰዳት። ፐርዱ ከኦሶፍ በ88 ሺህ ድምፅ በልጦ፣ ከግማሽ ትንሽ ፈሪ ሆኖ ቀረ። እኛ ሀገር ቢሆን ማታውኑ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ይዘጋጅ ነበር።

በዚያው ቀን የሌላኛው የሴኔት ወንበር ምርጫም ነበር። 20 እጩ የተሰለፈበት ስለነበር ማንም ግማሽ ሊያገኝ አልቻለም። የአትላንታው ቄስ ዴሞክራቱ ራፋኤል ዋርኖክ እና በቦታው ተሹማ የነበረችው ሪፐብሊካኗ ኬሊ ሌፍለር ለመለያው አለፉ። ሁለቱም ምርጫ ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 እንዲካሄድ ተወሰነ፣ በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 2013፣ የገና ዋዜማ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው። ሁለቱን ወንበር ዴሞክራቶች ካገኙ ሴኔቱ 50 ለ50 ይሆናል፣ በእኩል ድምፅ ጊዜ ደግሞ ያኔ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተመረጠችው ካማላ ሃሪስ ትለያለች። ማለትም የባይደን መንግሥት እጁ ይፈታል ወይ ይታሰራል የሚለው ነገር በሁለት ሰው ላይ ተንጠለጠለ። ገንዘቡም በዚያው ልክ ጎረፈ፣ በሁለቱም ወገን ተደምሮ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር።

የቀድሞ ታሪክ ደግሞ ለዴሞክራቶች ጥሩ አልነበረም። በ1992 ዋይች ፋውለር የሚባለው ሴናተራቸው በመጀመሪያው ዙር መርቶ በመለያው ተሸነፈ። በ2008 ደግሞ ጂም ማርቲን የተባለው እጩ ወደ 1.76 ሚሊዮን ድምፅ ነበረው፣ ተፎካካሪው ሳክስቢ ቻምብሊስ 1.87 ሚሊዮን ገደማ። ከአራት ሳምንት በኋላ በመለያው ማርቲን 910 ሺህ ሰው ብቻ መጣለት። ቻምብሊስ 1.23 ሚሊዮን። ሁለቱም ሰው አጥተዋል፣ ግን ማርቲን ግማሽ ያህሉን ነው ያጣው። ኦባማ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ ኦባማን ሊመርጡ ወጥተው የነበሩ ብዙዎቹ፣ ኦባማ በወረቀቱ ላይ በሌለበት ቀን ቤታቸው ቀሩ። በጆርጂያ የመለያ ምርጫ ማለት የሪፐብሊካን ምርጫ ነው የሚለው እምነት የመጣው ከዚህ ነው።

በ2021ስ? ኦሶፍ ከኖቬምበሩ ድምፁ 96 በመቶ ያህሉን ይዞ ተመለሰ። ፐርዱ 90 በመቶውን። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የድምር ቁጥር ነው፣ ግለሰቦቹ በሙሉ እነዚያው ናቸው ማለት አይደለም። አትላንታ ጆርናል ኮንስቲቲዩሽን የተባለው ጋዜጣ የመራጮቹን መዝገብ አይቶ እንደጻፈው፣ በኖቬምበር መርጠው በጃንዋሪ ያልመጡ ከ752 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። በኖቬምበር ሳይመርጡ በጃንዋሪ የመጡ ደግሞ 228 ሺህ ገደማ። ኦሶፍ ያሸነፈው በ55 ሺህ፣ ዋርኖክ በ93 ሺህ ልዩነት ነው። ቤቱ የቀረው ሰው ከልዩነቱ ብዙ እጥፍ ነበር።

ሌላም ስሌት ሠራሁ፣ ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። ፐርዱ ከኖቬምበሩ መቶ ደጋፊ ዘጠና ያህል ከሚመለሱለት ዘጠና ሦስት ቢመለሱለት ኖሮ የኦሶፍ ድምፅ እንዳለ ሆኖ ወንበሩ የፐርዱ ነበር። ከመቶ ሦስት ሰው። ይህን ስናገር አስተማሪው ጓደኛችን ሲኒውን አስቀምጦ ዝም አለ፣ ለሱ ብርቅ ነው።

ዝምታው ግን አልቆየም። «ቆይ» አለ፣ «የሁለት ሺህ ዶላሩን ነገርስ?»

ትክክል ነው፣ የክርክሩ ወፍራሙ ክፍል ይሄ ነው። በኮቪድ ሰሞን የአሜሪካ ምክር ቤት በዲሴምበር 21 ለእያንዳንዱ ሰው 600 ዶላር የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ። በማግሥቱ ትራምፕ ራሳቸው ወጥተው ይሄ ያንሳል፣ 2,000 ይሁን አሉ። ዴሞክራቶች ዕድሉን ለቀም አደረጉት። የተወካዮች ምክር ቤት በ28ኛው ቀን 2,000 ይሁን ብሎ በ275 ለ134 አሳለፈ። በሴኔቱ የሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩት ሚች ማኮኔል ግን ዘጉት። ዋርኖክና ኦሶፍ ነገሩን ጨብጠው እኛን ከመረጣችሁ 2,000 ዶላሩ ይመጣል አሉ። የዋርኖክ ቅስቀሳ የቼክ ምስል ያለበት ማስታወቂያ ሁሉ ነበረው። ባይደንም ከምርጫው አንድ ቀን ቀደም ብለው አትላንታ መጥተው ይህንኑ ተናገሩ።

እንግዲህ ይህ በጣም የተወደደ ፖሊሲ ነው። ገንዘብ በእጅ። ከዚህ በላይ ኪስን የሚነካ ምን አለ? አስተማሪው ትክክል ይመስላል።

ግን ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ፐርዱና ሌፍለርም ዲሴምበር 29 ላይ 2,000ውን እንደግፋለን ብለዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አራቱም እጩ አንድ ዓይነት ነገር ነው የያዙት። ልዩነቱ ማኮኔልን ከወንበሩ የሚያነሳው ማነው የሚለው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ፖለቲካ የሚከታተል ሰው ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ድምፅ መስጠት የተጀመረው ዲሴምበር 14 ነው። የ2,000ው ወሬ ሲነሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ድምር ቁጥሩ ነው። ፖሊሲው ሰዎችን ከፐርዱ ወደ ኦሶፍ በገፍ አዛውሮ ቢሆን የኦሶፍ ድምፅ በጨመረ። አልጨመረም። ትንሽ ሰው ተዛውሮ ይሆናል፣ በተለይ የሦስተኛው ፓርቲ 115 ሺህ ሰዎች የት እንደገቡ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ምርጫው ግን የተወሰነው በመዛወር አይመስልም።

እኔ የማምነው 2,000 ዶላሩ የራሱን ደጋፊዎች ከቤት እንዳስወጣ ነው። በጃንዋሪ ብርድ፣ ከበዓል ማግሥት፣ በወረርሽኝ መሃል፣ «ለምን ልሂድ? በኖቬምበር መርጫለሁ እኮ» ለሚል ሰው በር ላይ ቆሞ የሚያናግረው ቀስቃሽ አንድ ተጨባጭ ምክንያት ያስፈልገዋል። ዲሞክራሲን አድን ቢለው አይሰማውም። ቼኩ ምክንያት ሆነው። ስለዚህ ፖሊሲው ለቀስቃሹ መሣሪያ ሆኖ ነው ያገለገለው እንጂ ብቻውን የሄደ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ለአስተማሪው ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት፣ እሱ ሙሉ ነው ይላል።

በር ለበር የሚዞሩት ሰዎች ደግሞ በዲሴምበር የተፈጠሩ አልነበሩም። ስቴሲ ኤብራምስ የምትባል የግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበረች ሴት ከ2015 በፊት ጀምራ ያልተመዘገቡ ጥቁሮችንና ወጣቶችን የሚያስመዘግብ ሥራ ስትሠራ ነበር። በ2018 ለአገረ ገዥነት ተወዳድራ በ54,723 ድምፅ ተሸነፈች። (ኦሶፍ ደግሞ በ54,944 አሸነፈ። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው ትርጉም የለውም፣ ግን ዓይኔ ላይ ቀረ።) ከሽንፈቷ በኋላ ቤቷ አልተቀመጠችም፣ ፌር ፋይት የሚባል ድርጅት አቋቁማ ያንኑ ሥራ አሰፋችው። እሷ ብቻም አይደለችም። እንደ ላቶሻ ብራውን ያሉ ሌሎች ሴቶች በገጠር ጥቁሮች መንደር አውቶቡስ ይዘው ሲዞሩ ኖረዋል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ግዛቱ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣን ሰው ወዲያው በመራጭነት መመዝገብ ጀመረ፤ ይሄ ዝምተኛ የቢሮ አሠራር ነው፣ ማንም አያጨበጭብለትም፣ ግን ከብዙ የአደባባይ ንግግር በላይ ሠርቷል ባይ ነኝ።

አትላንታ ዙሪያ ክላርክስተን የሚባል ከተማ አለ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩበት፣ በዲካልብ ካውንቲ ውስጥ። ዲካልብ በመለያው ከ80 በመቶ በላይ ለዴሞክራቶቹ ሰጠ። እንዲህ ባለ ቦታ ማንንም ማሳመን አያስፈልግም። ሰውየው አስቀድሞ ያንተ ነው። ጥያቄው ሁለት ፈረቃ የሚሠራው ሰው፣ ሌሊት ታክሲ ነድቶ የገባው ሰው፣ ተነስቶ ይሄዳል ወይ ነው። ጥቁሮች በሚበዙባቸው የምርጫ ጣቢያዎች የመራጩ ቁጥር ከኖቬምበር የቀነሰው በትንሹ ነው። በሰሜን ምዕራብ ጆርጂያ ባሉ የነጭ ገጠር ካውንቲዎች ግን በደንብ ቀነሰ።

ለምን ቀነሰ? እዚህ ላይ የዴሞክራቶች ሥራ ብቻውን አይበቃም፣ የሌላው ወገን ጥፋትም አለ። ባይደን ጆርጂያን በ11,779 ድምፅ ሲያሸንፉ ትራምፕ ምርጫው ተጭበረበረ አሉ። ደጋፊው አመነ። ዲሴምበር 2 ቀን አልፋሬታ በሚባል ከተማ በተደረገ ስብሰባ ሊን ዉድ የሚባል ጠበቃ፣ ከትራምፕ ጎን ነኝ የሚል ሰው፣ ሪፐብሊካኖች በመለያው እንዳይመርጡ ሲቀሰቅስ ተሰማ። ትራምፕ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ለድጋፍ ሰልፍ መጥተዋል፣ ለእጩዎቹ ምረጡ ብለዋል፣ ግን ከንግግራቸው ብዙው የተሰረቀብኝ ድምፅ ላይ ነበር። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ለግዛቱ የምርጫ ኃላፊ ለብራድ ራፈንስፐርገር ደውለው 11,780 ድምፅ ፈልግልኝ አሉ፤ ንግግሩም በማግሥቱ ወጣ። አሁን አንተ በዚያው በሰሜን ምዕራብ ጆርጂያ፣ ዶልተን ከተማ የምትኖር የትራምፕ ደጋፊ ነህ እንበል፣ መሪህ ድምፅህ አይቆጠርም እያለህ፣ ጠበቃው አትምረጥ እያለህ፣ በጃንዋሪ ብርድ ለምን ትሰለፋለህ?

ሐጂ ይህን ስነግራቸው «በገዛ እጁ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የኦሶፍን ድል የቀስቃሾቹ ድል ብቻ ማድረግ ልክ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው። 2008ን ከ2021 ስናነፃፅር የዴሞክራቶች ሰው የማውጣት ሥራ ምን እንደለወጠ ይታያል፦ ግማሽ ያህሉን ከማጣት ወደ አራት በመቶ ማጣት። ይሄ ትልቅ ነው። ግን ፐርዱም በ2008 ከነበረው የተሻለ ነው የያዘው፤ ቻምብሊስ ከመቶ 66 ነበር የተመለሱለት፣ ለፐርዱ 90። በሁለቱም ወገን ሰው ነቅቷል። ያ ሁሉ ሥራ ዴሞክራቶችን እኩል ትግል ውስጥ አስገባቸው፣ የመጨረሻዋን ሦስት በመቶ ግን ሪፐብሊካኖች ራሳቸው ናቸው የሰጧቸው።

እዚህ ላይ ሰው ማውጣት ሲባል በትክክል ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በየቦታው በድምፅ ማጉያ መጮኽን ቅስቀሳ የሚል ሰው ብዙ ነው። አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ1998 ኒው ሄቨን ከተማ ላይ ሙከራ ሠሩ። መራጮችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዳንዱ በሩ ድረስ ሰው ላኩ፣ ለአንዳንዱ ደብዳቤ፣ ለአንዳንዱ በደመወዝ የተቀጠረ ሰው ስልክ ደወለ። በር ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ማናገር የመምረጥ ዕድሉን ወደ ዘጠኝ ነጥብ ገደማ ከፍ አደረገው። ደብዳቤው ትንሽ ሠራ። የቅጥር ስልኩ ምንም። ከዚያ በ2006 ሚሺጋን ላይ እነዚሁ ሰዎች ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው አንድ ለእኛ ሀገር ሰው በጣም የሚገባ ነገር ሞከሩ፦ ማን እንደመረጠና ማን እንደቀረ ለጎረቤቶችህ ሁሉ እንነግራለን የሚል ደብዳቤ ላኩ። የመራጩ ቁጥር ከ29.7 ወደ 37.8 በመቶ ዘለለ። ይሉኝታ! ሐጂ ይሄኛውን በጣም ወደዱት። በእድር የቀሪ ስም ጮክ ብሎ መነበቡ ለምን እንደሚሠራ ፈረንጅ ዘግይቶ ደረሰበት ብለው ተዝናኑብን።

ማሳመንስ? ጆሽዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን በ2018 ባወጡት ጥናት 49 የመስክ ሙከራዎችን ሰብስበው አዩ። በአጠቃላይ ምርጫ ጊዜ ማስታወቂያና ቤት ለቤት ቅስቀሳ ሰዎች የሚመርጡትን እጩ የመለወጥ አማካይ ውጤቱ ዜሮ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ዜሮ። ሰው ወገኑን ከመረጠ በኋላ በሁለት ሳምንት ፖስተር አይቀየርም። መውጣቱ ወይ መቅረቱ ግን ሊቀየር ይችላል።

አስተማሪው እጁን አልሰጠም፣ እኔም አልጠበቅኩም። «ፖሊሲ በአንድ ምርጫ አይታይም፣ በሂደት ነው» አለ። እሺ፣ ፖሊሲና ፓርቲ ተለያይተው የተመረጡበትን ቦታ እንይ። ፍሎሪዳ፣ ኖቬምበር 2020። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ቀረበ። ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 15 ዶላር ይሁን የሚል ሐሳብ፣ ዴሞክራቶች የሚገፉት ፖሊሲ ነው፣ 60.8 በመቶ አግኝቶ አለፈ። በዚያው ወረቀት ላይ ትራምፕ 51.2 በመቶ አግኝተው ፍሎሪዳን አሸነፉ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፖሊሲውን ወዶ የፖሊሲውን ባለቤት አልመረጠም። የደመወዙን ነገር ለብቻው ስለጠየቅከው አዎ አለህ፣ ፓርቲውን ስትጠይቀው ሌላ ብዙ ነገር ያስባል፤ ሃይማኖቱን፣ ወገኑን፣ ሰውየውን ማመን አለማመኑን።

ይሁንና ለሐጂ ወገን በጣም እንዳልመች የሚያደርገኝ ነገር አለ፣ እሱም የዚያው የጆርጂያ የኋላ ታሪክ ነው። በ2022 ኤብራምስ እንደገና ለአገረ ገዥነት ተወዳደረች። ሰው በማውጣት ከሷ የሚበልጥ ባለሙያ የለም ይባል ነበር። ድርጅቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ዝናው አለ። ብራያን ኬምፕ 53.4 ለ45.9 አሸነፋት፣ ከ2018ቱ በጣም በሰፋ ልዩነት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ዋርኖክ ከሪፐብሊካኑ የቀድሞ የእግር ኳስ ኮከብ (የአሜሪካው ኳስ ነው፣ የእኛ አይደለም) ከኸርሼል ዎከር በጥቂቱ በለጠና በዲሴምበር 6ቱ መለያ 51.4 በመቶ ይዞ አሸነፈ። በኖቬምበሩ ቀን የወጡት ሰዎች እነዚያው ናቸው! ወረቀቱ አንድ ነው። የተለያየው እጩው ነው። ኬምፕን መርጦ ዋርኖክንም የመረጠ ሰው አለ ማለት ነው፣ ያ ሰው ደግሞ በቅስቀሳ ብዛት አይገለጽም። ዎከርን አላመነውም፣ ኬምፕን ለመደው፣ በቃ።

በ2024 ደግሞ በጆርጂያ ከ5.2 ሚሊዮን በላይ ሰው መረጠ፣ በግዛቱ ታሪክ ብዙ። ትራምፕ በ115 ሺህ አሸነፉ። ብዙ ሰው ከወጣ እኛ እናሸንፋለን የሚለው የዴሞክራቶች እምነት እዚያው ላይ ተሰበረ። የሚያሸንፈው ከማን ወገን ብዙ ወጣ የሚለው ነው፣ ጠቅላላ ብዛቱ ብቻውን ለማንም አያዳላም።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይሄ ነው፣ ለጆርጂያው የመለያ ምርጫ ብቻ። የመጨረሻዋ ልዩነት በመውጣትና በመቅረት ተወሰነች። 2,000 ዶላሩ ለሚያስወጡት ሰዎች ጉልበት ሰጠ። ወጣቶቹን አስመዝግቦ ለዚያ ቀን ያደረሰው የዓመታት ሥራ ባይኖር ኦሶፍ እንደ ማርቲን ይሆን ነበር፣ ትራምፕ ደጋፊያቸውን ባያስኮርፉ ደግሞ ይህ ሁሉ ሥራ ለጠባብ ሽንፈት ይበቃ ነበር። በተራ ምርጫ፣ ሰው ገና ሳይወስን፣ እጩው ማነው የሚለው ነገር ከሁለቱም ሊበልጥ ይችላል፤ 2022 የሚያሳየው ይህን ነው።

አሁን ወደ እኛ። ጆርጂያን ይዞ ጅማ ላይ መለጠፍ አይቻልም፣ አሠራሩ ይለያያል። እዚያ አንዴ የተመዘገበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ላይ ይቆያል፣ ትግሉ ያለው በምርጫው ቀን ነው። እኛ ጋ ለየምርጫው እንደ አዲስ ተመዝግቦ ካርድ መውሰድ አለ። ካርድ የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይመርጣል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ከተመዘገበው ከ80 በመቶ በላይ፣ በ2002 ደግሞ 93 በመቶ መረጠ ነው የተባለው። ይህን ያህል ተሳትፎ ጆርጂያ በሕልሟም አታይም፣ ግን ሰዎቻችን ከነሱ የበለጠ ንቁ ስለሆኑ ሳይሆን ሰነፉ ሰው አስቀድሞ በምዝገባው ስለተንጠባጠበ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ምዝገባው ቀኑ ሲራዘም ሲራዘም የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ሰልፉ የታየው ሰኔ 14 በዚያ ዝናብ ነው፣ ከመራጩ ቁጥር ብዙው የተወሰነው ግን ከዚያ ወራት በፊት፣ ማንም ካሜራ ይዞ ባልሄደበት የምዝገባ ጣቢያ ነው።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ ስለ ፖሊሲም ስለ አሜሪካም አልነበረም። ባለፈው ምዝገባ ጊዜ ከሠራተኞቻቸው ስንቱ ካርድ እንደወሰደ ቆጠሩ፣ በጣታቸው። አብዛኞቹ ከሌላ ወረዳ ለቡና ለቀማና ለማበጠር የመጡ፣ በምርጫ ክልሉ የስድስት ወር ነዋሪነት የሌላቸው፣ ወደ ቀዬአቸው ተመልሰው ለመመዝገብም የትራንስፖርት ብር የማያወጡ ናቸው። ቆጥረው ሲጨርሱ አስተማሪውን ዞር ብለው አዩትና «እንግዲህ አንተ ለነዚህ ፖሊሲህን አስረዳልኝ» አሉት። እሱም «የትራንስፖርቱን ብር የሚከፍል ፖሊሲ አወጣለሁ» ብሎ መለሰ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ።